እትዬ ካስክና የነገው ክፍል

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏ፣ ልጇና የንግድ ፈቃድ የሚያድሱላት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰፈር እትዬ ካስክ ናት። ስሙ የወጣላት ደግሞ እንዲያው በከንቱ አይደለም።

ጸጉር ቤቷ ሦስት መስታወት፣ ሁለት የራስ መታጠቢያና አራት ካስክ አለው፤ ካስክ ማለት በቢጎዲን የተጠቀለለ ጸጉር እንዲደርቅ ራስ ላይ የሚደፋው፣ እንደ ንብ ቀፎ ሲያዛምር የሚውለው ማሽን ነው። ከመስታወቶቹ በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን፣ ባሕር ውስጥ ሰጠመ ስለተባለ የመርከብ ካፒቴንና እሱን ቁጭ ብላ ስለምትጠብቅ ሚስቱ የሚተርክ፣ ከውጭ መጥቶ በቋንቋችን የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ይጀምራል። የሰፈሩ ሴቶች ቀጠሮ የሚይዙት ለዚያ ሰዓት ነው። ችግሩ ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑ እንጂ ጆሮው አይሠራም።

እትዬ ካስክ ታዲያ ደንበኞቿ ቅር ብሏቸው እንዲሄዱ አትፈልግም። በአንድ እጇ ማበጠሪያ፣ በሌላው የጸጉር ማድረቂያ ፎን ይዛ፣ «ሞቷል አለቻት! ... ኧረ አላመነቻትም! ... አሁን ደግሞ ጠበቃው መጣ፣ አበባ ይዟል!» እያለች ድራማውን በጩኸት ታስተላልፋለች። ድምፅዋ መንገድ ተሻግሮ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሰማል። ዳቦ ሻጩ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን የለውም፤ ግን አንድም ክፍል አምልጦት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ልጇ ለመኖሪያ ቤታቸው አዲስ ቴሌቪዥን ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ልጅቱ ኢንሹራንስ ቤት ትሠራለች፤ ለወላጆቿ ስጦታ መስጠት ትወዳለች፤ ስጦታው እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ግን ትዕግሥት የላትም። ጀርባው የጎበጠውን አሮጌ ቴሌቪዥን አውርዳ፣ እንደ መስኮት የሳሳውን አዲሱን ሰቀለችና ሪሞቱን ለእናቷ ሰጠች።

«እማ፣ ይሄኛው ዲሽ ምናምን አይፈልግም። በኢንተርኔት ነው። የፈለግሽውን፣ በፈለግሽው ሰዓት።»

«የአስር ሰዓቱስ?»

«የአስር ሰዓቱ የሚባል ነገር የለም።»

እናት ክው አለች። «ተቋረጠ እንዴ?»

«አይ እማ! ሁሉም እዚህ አለ። ቻናሉ ራሱ አፕ አውጥቷል። ይኸው፣ ከክፍል አንድ እስከ መቶ ሃያ።»

«ትናንት ያየነው ሠላሳ አራተኛውን ነው።»

«ይኸውልሽ ሠላሳ አምስት።»

«የማክሰኞው?»

«የማክሰኞው። የረቡዑም። መጨረሻውም አለ።»

እትዬ ካስክ ሪሞቱን ሶፋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ እጇን ሰበሰበች። «ነገን ዛሬ ማየት ደግ አይደለም» አለች። «እንዲህ ከሆነ ነገ ምን ልናይ ነው?»

ይህን ያለችው እሁድ ነው። ሰኞ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቤቷን ጠራርጋ ከጨረሰች በኋላ፣ አንዷን ክፍል ብቻ ልያት ብላ ተቀመጠች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ተረኛ ባልሆነበት ቀን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተጋድሞ ማንኮራፋት ልማዱ ነው። ክፍሉ አለቀ። ልታጠፋው ሪሞቱን ስትፈልግ ማሽኑ ራሱ አምስት፣ አራት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረና ቀጣዩን ጀመረላት። «እኔ አልነካሁትም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ ሦስተኛው መጣ። ከዚያ አራተኛው። ሻይዋ ቀዘቀዘ፤ ደግማ አፈላች፤ እሱም ቀዘቀዘ። በመሃል ሥዕሉ ቀጥ አለና አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አሁንም እያዩ ነው?» ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው።

«እያየሁ ነው!» አለ ባሏ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እንዳትቀይሪው!»

የዚያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደረሰች። በቀጣዩ ሰኞ ሃምሳ አምስትን አለፈች። በሦስተኛው ሰኞ ሰባ አንድ ላይ ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ወገቧ ደርቋል፣ ግን በዓለም ላይ እንደሷ ብዙ የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰላትም።

ችግሩ እትዬ ካስክ ነገር በሆዷ የሚያድርላት ሴት አይደለችም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማችውን በሰማችበት ዕለት አውርታ የኖረች ሰው፣ አሁን የነገውን ሁሉ አፍና ይዛ ፎን ታደርጋለች። የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ በድራማው ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ ለወይዘሮዋ፣ ለካፒቴኑ ሚስት፣ የመጣውን ደብዳቤ ስትቀበል ታየች። ክፍሉም እዚያ ላይ አለቀ።

«አሁን ትሰጣታለች፣ ተገላገልን» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከጸጉር ቤቱ ጎን ያለው የስፌት ቤት ባለቤት ናት።

«የት ትሰጣታለች? ከፍራሹ ሥር ነው የምትደብቀው» አለች እትዬ ካስክ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በማግስቱ ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ይዛ ገባች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ፍራሹን አነሳች። ጸጉር ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ በአረፋ እንደተሸፈነ ከመታጠቢያው ቀና አለች።

«ከፍራሹ ሥር! ኧረ እንዴት አወቅሽ?»

ልጄ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛችልኝ፣ በአፕ አየሁት ብትል እዚያው ባለቀ። ግን ያ ሁሉ ዓይን ባንዴ እሷ ላይ አርፎ የሚያውቀው የሠርጓ ቀን ብቻ ነው። ማበጠሪያዋን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «የሰው ዓይን ይናገራል» አለች። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስታወት ውስጥ የሰው ዓይን ሳይ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማት! የካፒቴኑ ወንድም ሐውልት ሊያሠራ ነው አለች፤ አሠራ። የወይዘሮዋ ልጅ ከቤት ትጠፋለች አለች፤ ጠፋች። ሴቶቹ ሁሉም ስልክ አላቸው፤ አፑን አውርደው ማየትም ይችሉ ነበር። ግን ያንን ድራማ ብቻቸውን ማየት ብቻቸውን የመሳቅ ያህል ስለሆነባቸው ማንም አልሞከረም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ መስሏት ነበር። ብቻ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ከዚህ በፊት እግራቸው ጸጉር ቤቱን ረግጦ የማያውቅ ሴቶች ቀጠሮ መያዝ ጀመሩ፤ ካስኩ ሥር ወንበር ጠፍቶ ቆመው የሚያዩ ነበሩ። ቀስ በቀስም ጥያቄው ከድራማው ወደ ራሳቸው ኑሮ ዞረ። አንዷ ልጄ ፈተናውን ያልፋል ወይ አለቻት። ሌላዋ ጎረቤቴ ለምን ሰላምታ ከለከለችኝ አለቻት። እትዬ ካስክ መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ መስታወቱን እያየች መመለስ ጀመረች።

በዚህ ሁሉ መሃል ዝም የሚሉት ቲቸር ብቻ ነበሩ። ቲቸር ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ነጭ ጸጉራቸውን በሳምንት ሁለቴ እያሠሩ ጥግ ባለው ካስክ ሥር መስቀለኛ ቃላት ይሞላሉ። አንድ ቀን ብቻ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሏት። የምን መማር እንደሆነ ሳይነግሯት ወደ ቃላቸው ተመለሱ።

ፋርማሲስቷ የመጣችው እንግዲህ በዚህ የክብር ዘመን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከአደባባዩ ማዶ ያለውን መድኃኒት ቤት የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ በቢጎዲን ትጠቀለላለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የምታገባው መንገድ ሥራ ላይ የተሰማራ መሬት ቀያሽ ነው። የዚያን ቀን ድራማው አልቆ ሴቶቹ ሲበታተኑ ወንበሯ ላይ ቆየች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጮኛዬ ሰው ያከብራል፣ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ግን አወራለሁ፣ አወራለሁ፣ እሱ ፈገግ ይላል። ሠርጉ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ብዬ ስጠይቀው ፈገግ። እናቴን ትወዳታለህ ወይ ስለው ፈገግ! ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ስልኩን ያጠፋል። የት ነበርክ ስለው ሥራ ይለኛል፤ የሥራ ጓደኞቹ ግን ሐሙስ ከሰዓት አይገባም ይሉኛል።»

እትዬ ካስክ የመጨረሻውን ቢጎዲን ፈታች። ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው ቀያሹ ሳይሆን የድራማው ጠበቃ ነው። ያ ፈገግታው የማያልቅ፣ አበባ ተሸካሚ ጠበቃ፣ ወይዘሮዋን ሊያገባ ደጅ የሚጠና። በቴሌቪዥኑ ገና መልአክ ነው፤ እሷ ግን ሃምሳ አምስተኛው ክፍል ላይ የካፒቴኑን ደብዳቤ በሻማ ሲያቃጥል በዓይኗ አይታዋለች።

«ጠበቃውን ታውቂው የለ?» አለቻት።

«አዎ፣ እሱማ ጥሩ ሰው ነው።»

«ቆይ ታዪዋለሽ። ከሁለት ሳምንት አያልፍም፣ ያንን የመሰለ ሰው ምን እንደሚሠራ ታዪዋለሽ። ፈገግ እያለ ዝም የሚል ወንድ ሆዱ ውስጥ ሌላ ቤት አለው።»

የተናገረችው ለማሳመር ነበር። ከአፏ ሲወጣ ደስ አላት፤ ቤቷ ስትገባም ረስታዋለች።

ልክ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቻናሉ ሃምሳ አምስተኛውን ክፍል አሳየ። ጠበቃው በሩን ቆለፈ፣ ሻማ ለኮሰ፣ ደብዳቤውን አውጥቶ ጫፉን ወደ እሳቱ አስጠጋ፤ ያን ጊዜም ፈገግ ብሎ ነበር። ሴቶቹ ጮሁ። ልብስ ሰፊዋ «እትዬ ብላ ነበር! ብላ ነበር!» እያለች አጨበጨበች። ካስክ ውስጥ የነበረችው ፋርማሲስት ግን አልጮኸችም። ፊቷ ልክ እንደ ጋዋኗ ነጭ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ቀለበቱን ለቀያሹ መለሰችለት።

ወሬውን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የሠርግ ቀሚሱን ጀምራው ስለነበር አቁሚ ተብላለች። «እትዬ አየችብህ ብላ ነው አሉ የመለሰችለት» አለች በአድናቆት። እትዬ ካስክ ፎኑን እንደያዘች አንድ ቦታ ላይ አቁማ ረስታው የደንበኛ ጆሮ ልታቃጥል ምንም አልቀራትም።

«እንዲያው ለምሳሌ ብዬ ነው እኮ የተናገርኩት» አለች።

«አንቺ ደግሞ ለምሳሌ ብለሽ የተናገርሽው መች መሬት ወድቆ ያውቃል?»

ሰኞ ደረሰ። እትዬ ካስክ በእነዚህ ሳምንታት ዘጠና ላይ ደርሳ ነበር፤ ጭንቀቷን ለመርሳት ሻይዋን ይዛ ተቀመጠች። ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት። ዘጠና ስምንተኛው ላይ ጠበቃው ፍርድ ቤት ቆሞ አፉን ከፈተ። ያ የተቃጠለ ደብዳቤ የካፒቴኑ አልነበረም። የካፒቴኑ ወንድም፣ ወይዘሮዋን አታሎ ቤቷን ሊነጥቃት፣ በካፒቴኑ እጅ ጽሑፍ አስመስሎ የጻፈው ነው። ጠበቃው ይህን ደርሶበት፣ ልቧ እንዳይሰበር ብሎ ለማንም ሳይናገር አቃጠለው። ንጹሕ ሰው ነበር።

እትዬ ካስክ ከሶፋው ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ባሏ ነቅቶ።

«ጠበቃው ደህና ሰው ነው!»

«ታዲያ ይሄ ያስደነግጣል?»

ማክሰኞ ጠዋት ገና በሩን ከመክፈቷ ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ገብታ ጸጉሯን ታጥባ ፎን እየተደረገች ነው። በሩ ላይ አንድ ረጅም ወጣት ቆመ፤ የሚያብለጨልጭ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፣ ቦት ጫማው ጭቃ ነው። ልብስ ሰፊዋ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ «ቀያሹ ነው!» አለች በሹክሹክታ። እሱ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ ስለነበር ለእትዬ ካስክ የሚታያት የግራ ጉንጩ ነው።

«ግባ ወንድሜ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችው።

ዘወር ብሎ ፈገግ አለ።

«ማንን ነው የምትፈልገው?»

ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ።

ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ «አየሽው? ልክ እሷ እንዳለችው!» እትዬ ካስክ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። ይህን ፈገግታ ታውቀዋለች። ከቴሌቪዥን አይደለም። በየቀኑ አራት ካስክ ሥር አራት ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱ በዛ ወይ ብላ ስትጠይቃቸው እንዲህ ነው ፈገግ ብለው ራሳቸውን የሚነቀንቁት። ደግማ ስትጠይቃቸውም ያው ነው። ከዓይናቸው በታች ያለው ፊት ይስቃል፤ ዓይናቸው ግን ከንፈሯን ይከተላል። የዚህ ልጅ ዓይንም ከንፈሯ ላይ ነበር።

ፎኑን አጠፋች። ዞራ በቀኙ በኩል ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ግራ ጆሮህ አይሰማም አይደል?» አለችው።

ፈገግታው እንደ መብራት ጠፋ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ና ተቀመጥ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ድንጋይ በድማሚት ሲያፈነዱ ቀርቦ ቆሞ ነበር። ግራው ሄደ፤ ቀኙም ጫጫታ ባለበት ብዙ አይረዳውም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሌላ ከተማ ወዳለ የጆሮ ሐኪም ይሄዳል፤ ማዳመጫ መሣሪያ እየለኩለት ነው፤ ምርመራው ላይ ደግሞ ስልክ ያስጠፋሉ።

«ለእጮኛህ መንገር ምን ነበረበት? እሷ እኮ የመድኃኒት ሰው ናት!»

«ለዚሁ ነዋ» አለ ጫማውን እያየ። «ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታስተናግድ ነው የምትውለው። ቤቷ ስትገባ ሌላ በሽተኛ እንዳትቀበል ብዬ ነው። መሣሪያውን አድርጌ፣ ለምጄው፣ ከዚያ ልነግራት ነበር።» ቀና አለ። «እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። እትዬ ካስክ አይታብሃለች አለችኝ። እርስዎ እኔን አይተውኝ አያውቁም። ምንድን ነው ያዩብኝ?»

እትዬ ካስክ ማበጠሪያዋን አገላበጠች።

«አንተን አይደለም ያየሁት» አለች። «ጠበቃ ነው ያየሁት።»

«የምን ጠበቃ?»

«የቴሌቪዥን።»

ቀያሹ ይህንን በደንብ ያልሰማው መስሎት ቀኝ ጆሮውን አስጠጋ። ደግማ ነገረችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አሳፈራት።

አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ፋርማሲስቷ መጣች፤ ቀለበት ቢመለስም ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ፊቷ ገርጥቷል፤ ማንንም አላየችም። እትዬ ካስክ ጠቀለለቻት። ስትጠቀልል ልትነግራት አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ካስክ ውስጥ አስገብታ ማሽኑን ካስነሳች በኋላ ድፍረቱ መጣላት፤ ፊት ለፊቷ ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናዘዘች፤ አፑን፣ ሰኞን፣ ጠበቃውን። ፋርማሲስቷም ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«አልሰማችሽም እኮ» አሉ ቲቸር ከጥጉ።

እትዬ ካስክ ማሽኑን አጠፋች፤ ካስኩን አነሳች። ቴሌቪዥኑንም አጠፋችው፤ ልክ ሙዚቃው ሲጀምር።

«ስሙኝ» አለች። «እኔ ምንም አላውቅም። የሰው ዓይን ምናምን ያልኩት ውሸት ነው። ልጄ በኢንተርኔት የሚያሳይ ቴሌቪዥን ገዝታልኝ፣ ሰኞ ሰኞ የነገውን አስቀድሜ እያየሁ ነው የምነግራችሁ። እሱንም በቅጡ አላየሁትም። ያ ጠበቃ ደህና ሰው ነው። ወደፊት ታዩታላችሁ።» ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። «እጮኛሽም ደህና ሰው ነው። ፈገግ የሚለው ስለማይሰማ ነው። ሐሙስ የት እንደሚሄድ ግን እኔ አልነግርሽም። በዚህ ምላሴ ከዚህ በላይ አልገባም፤ ሂጂና ከራሱ ስሚ። በቀኙ ቁሚ።»

ፋርማሲስቷ ከወንበሩ ተነሳች።

«እኔ እኮ አምኜሽ ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እትዬ ካስክ ግን በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር። ከዚያ ሃያ ቢጎዲን ራሷ ላይ እንደተጠቀለለ፣ አንገቷ ላይ ፎጣ እንዳደረገች በሩን በርግዳ ወጣች።

ሴቶቹ ሁሉ በሩ ላይ ተደራረቡ። ቀያሹ አደባባዩ ጥግ በሦስት እግር መለኪያው ላይ ጎንበስ ብሏል። ፋርማሲስቷ መጥታ በግራው ቆመችና አንድ ነገር ተናገረች። አልዞረም። ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች፣ በቀኙ ቆመች፣ ደግማ ተናገረች። ቀና አለ። የተነጋገሩት ከዚህ አይሰማም፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እትዬ ካስክ ለማንም አላስተላለፈችም። የታየው፣ ልጁ ፈገግ ሳይል ብዙ ሲያወራ፣ ልጅቱም በቁጣ እጇን ስታወናጭፍ፣ በኋላ ደግሞ በፎጣው ዓይኗን ስትጠርግ ነው።

«የጆሮውን ነገር እያወቀ የሚደብቅ ባል አላየሁም፣ ትለዋለች» አለ ዳቦ ሻጩ ከደጁ፤ እሱ ቅርብ ነበር።

ወደ ውስጥ ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ አኮረፈች። «ታዲያ ጎረቤቴ እንደምትታረቀኝ የነገርሽኝስ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ታርቃኛለች እኮ!»

ቲቸር ያን ጊዜ ሳቅ አመለጣቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እኔ መቶ ሃያኛውን ካየሁ አራት ሳምንት ሆነኝ» አሉ። ሁሉም ዞሩባቸው። «ምን ታዩኛላችሁ? የልጅ ልጄ አፑን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ፈተናው ሳይሰጥ መልሱን የሚያወራ አስተማሪ ግን አይቼ አላውቅም። ዝም ብዬ የእናንተን ፊት ነው የማየው። እሱ ከድራማው ይበልጣል።»

ፋርማሲስቷና ቀያሹ በዚያው ቀን አልታረቁም። ያናደዳት ጆሮው አልነበረም፤ መደበቁ ነው። ሠርጉ ሦስት ወር ተገፋ። ሐሙስ ሐሙስ ግን መድኃኒት ቤቱን ለባልደረባዋ ትታ አብራው ወደ ሐኪሙ መሄድ ጀመረች፤ በአውቶቡስ፣ እሷ ሁልጊዜ በቀኝ ወንበር።

ሰማንያኛው ክፍል ሲያልቅ ቻናሉ አንድ ማስታወቂያ አሳየ፤ ቀሪውን ድራማ በአፓችን ብቻ ይከታተሉ ይላል። በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ በቦታው የሳሙና ማስታወቂያና የምግብ አሠራር ትምህርት መጣ። ሴቶቹ ካስክ ሥር ሆነው ሽንኩርት ሲከተፍ አዩ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቀጠሮ ተሰረዘ።

እትዬ ካስክ ልጇን ጠራች፤ ልጅቱም አንዲት ትንሽ ሳጥን ጸጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ሰክታ፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋ፣ ሳታስረዳ ሄደች። አሁን ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። አንዷ ሦስት ክፍል ባንዴ እንይ አለች፤ ሌላዋ ገና አልደረስኩም፣ ከሰባ እንጀምር አለች፤ ሦስተኛዋ ይሄ ድራማ ሰለቸኝ፣ ሌላ ክፈቱ አለች። ሪሞቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ካፒቴኑ አንዴ ሲሰጥም፣ አንዴ ሲድን፣ አንዴ ወደ ሕፃንነቱ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ቲቸር ተነስተው ሪሞቱን ቀሙና፣ «አስር ሰዓት፣ አንድ ክፍል፣ ከሰማንያ አንድ» አሉ። «ከዚያ በላይ ያማረው ቤቱ ሄዶ ይይ። ያየውንም ይዋጥ።» ማንም አልተከራከረም።

እትዬ ካስክ ከዘጠና ስምንት ወዲያ ብቻዋን አንድም አላየችም። ሰኞ ሰኞ ባሏን ቀስቅሳ ወደ ገበያ ይዛው መሄድ ጀመረች፤ እሱ ግን አዲሱን ልማድ ገና አልወደደውም። ጠበቃው ፍርድ ቤት የቆመበት ቀን ሲደርስ ቀድማ ብታውቀውም ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ ሴቶቹ ሲጮሁ ግን ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደማንኛቸውም እየተሳሳተች ገመተች። ሞተ ያለችው ዳነ፤ ትመለሳለች ያለቻት ሳትመለስ ቀረች። እንደዚያ ተሳስታ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

የሠርጉ ዕለት ፋርማሲስቷ በጠዋት መጣች። ሌላ ጸጉር ቤት ትሄዳለች ብለው ያሙ ነበሩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ እትዬ ካስክን አየቻት።

«አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አለቻት። «ሠርተሽ እስክትጨርሺ።»

እትዬ ካስክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ዝም አለች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ይዛ ገብታ፣ ይህንን አይታ፣ ታመመች እንዴ ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት። እሷ እጇን ገፍታ ቀጠለች። ጠቀለለች፣ አደረቀች፣ ፈታች፣ ወደ ላይ ሰብስባ በጸጉር መያዣ ደረደረች። ስትጨርስ መስታወቱን ከኋላዋ ይዛ ቆመች።

ፋርማሲስቷ ራሷን ወዲህ ወዲያ አዙራ አየች። ቀስ ብላ ፊቷ ፈታ አለ።

«እሺ፣ አሁን ተናገሪ። ምን ይታይሻል?»

«ጸጉርሽ አምሯል» አለች እትዬ ካስክ። «ሌላውን አላውቅም።»

ፋርማሲስቷ ሳቀች፤ ሳቋ አንዱን መያዣ አወለቀው። እትዬ ካስክ «አትነቃነቂ!» ብላ ጮኸችባትና መያዣውን በጥርሷ ይዛ እንደገና ልትሰካው ጎንበስ አለች። ደጅ ላይ የሠርጉ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ነበር።